ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ስንጥቅ አለ፣ "አምስት ደቂቃ ነው ውረጂ" ይሉኛል። እምቢ ማለት እችላለሁ?

ትራይፖድ ተሸካሚዋ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ምክር ፈልጌ ነው።

ሰርቬየር (ቀያሽ) ነኝ። ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የምሠራበት ሳይት ቦሌ በኩል ነው፤ ቤዝመንት ያለው ሕንፃ። ቁፋሮው አራት ሜትር ተኩል ደርሷል። አፈሩ ያ የምታውቁት ጥቁር ዋልካ ነው። ግድግዳው ቀጥ ተደርጎ ነው የተቆረጠው። ተዳፋት የለው፣ ድጋፍ የለው። በምሥራቅ በኩል የጎረቤት ግንብ አጥር አለ። ኤክስካቫተሩ ያወጣው አፈር እዚያው አፋፉ ላይ ተቆልሏል። "ሲኖ ሲመጣ ይጫናል" ከተባለ ሳምንት ሆነው።

ትናንት ዘነበ። ዛሬ ጠዋት ስገባ ከጠርዙ አንድ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ስንጥቅ አየሁ። ከጠርዙ ጋር እኩል እየሄደ ስምንት ሜትር ይሆናል። ጣቴን ከተትኩበት፣ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ።

ፎርማኑ የፉቲንግ አክሲስ (የመሠረቱን መስመር) ለመጣል ውረጂ አለኝ። ስንጥቁን አሳየሁት። "ይኼ ፀሐይ ያደረቀው ነው፤ አምስት ደቂቃ ነው፣ ውረጂ።" ሳይት ኢንጂነሩ ስልክ ላይ ነበር። በእጁ ውረጂ ዓይነት ምልክት ሰጠኝ። መሣሪያዬን ይዤ ወረድኩ። አምስት ደቂቃው ሀያ አምስት ሆነ። ቼይንማኑ፣ ማለትም የቅየሳ ረዳቴ፣ ፕሪዝሙን (መሣሪያዬ የሚያነጣጥርበትን መስታወት) ይዞ ግድግዳው ሥር ቆሞ፣ እኔ በመነጽሩ የማየው ፕሪዝሙን ሳይሆን ከኋላው ያለውን አፈር ነበር።

ነገ የቀረውን ጨርሺ ተብያለሁ። እምቢ ብል ሕጉ ከእኔ ጋር ነው? ወይስ "ሴት ስለሆነች ፈራች" ተብዬ በሳምንቱ ሌላ ሰው ይቀጠራል? (ይህን ያለ ሰው ስላለ ነው።)

ሌላም ልጨምር። ሴፍቲ ጫማ ሲታደል የቀረው 42 ቁጥር ብቻ ነበር። የእኔ እግር 37 ነው። ፊቱ ላይ ካልሲ ጠቅጥቄ ነው የምራመደው።

ጋሽ አርማታ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡05

ልጄ፣ አትውረጂ። ሌላውን በኋላ እንነጋገራለን።

እኔ በካቦነትም በፎርማንነትም ሀያ ሰባት ዓመት ሳይት ላይ ነኝ። ፀሐይ የሠራው ስንጥቅና ግድግዳ ሊወርድ ሲል የሚመጣው ስንጥቅ አንድ አይደሉም። ዋልካ በበጋ ሲደርቅ እንደ ማር እንጀራ በየአቅጣጫው ይሰነጣጠቃል። ያ አፈሩ ስለጠማው ነው። ጠርዙን ተከትሎ ረጅም መስመር ሲያወጣ ግን ከኋላው ካለው መሬት ተላቋል ማለት ነው። ዝናቡ ደግሞ የሚገባው እዚያው ስንጥቅ ውስጥ ነው። ውሃው ከኋላ ይገፋል፣ የተቆለለው አፈር ከላይ ይጫናል። ታች የሚይዘው የለም።

ሰዎች አፈር ለስላሳ ነገር ይመስላቸዋል። አንድ ሜትር ኪዩብ እርጥብ አፈር ከአንድ ቪትዝ መኪና ይከብዳል። አንድ ጊዜ ለፍሳሽ ቱቦ ሁለት ሜትር በተቆፈረ ቦይ ውስጥ አንድ ልጅ እስከ ደረቱ ተቀበረ። ጭንቅላቱ ውጭ ነበር። ያናግረን ነበር። ውሃ ስጡኝ ሁሉ ብሏል። ደረቱ ሲያዝ ግን አየር ያስወጣል፣ መልሶ ማስገባት ያቅተዋል። ባወጣ ቁጥር አፈሩ እየጠበቀ ይሄዳል። ቆፍረን ስናወጣው አልፏል። እስካሁን የምጸጸትበት፣ እኛም ሦስት አራት ሆነን ዘለን መግባታችን ነው። ያልወደቀው ግድግዳ እኛ ላይ መውረድ ይችል ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ ሌላውን ሰው ከአፋፉ አርቁ፣ ማሽኑን አስቁሙ፣ 939 ደውሉ። በኤክስካቫተር ሰው አይፈለግም።

የሰነድ ሰው · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡12

የሕግ ሰው ነኝ። በአጭሩ ልመልስ ብዬ ጀምሬ ረዘመብኝ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ነው። አንቀጽ 92ን አንብቢው። አሠሪው ስለ ሥራው አደገኛነት ለሠራተኛው ማስረዳት አለበት፣ የደህንነት ሠራተኛ መመደብ አለበት፣ መከላከያ ዕቃ መስጠትና አጠቃቀሙን ማሳየት አለበት፣ አደጋ ሲደርስ መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ማሳወቅ አለበት። "ሲመቸው" አይልም። ጫማም መከላከያ ነው። 42 ቁጥር በ37 እግር ላይ ሲሆን ግን መሰናከያ ነው የሚሆነው።

እምቢ ማለትን በተመለከተ ነገሮችን አገናኝተሽ ነው የምታነቢው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ጤናማና ደህንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን የሠራተኛ መብት ያደርገዋል። ኢትዮጵያ በ1983 (በፈረንጆቹ 1991) ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 ደግሞ አለ። አንቀጽ 13 ላይ፣ ሕይወቱንና ጤናውን የሚያሰጋ ቅርብና ከባድ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ካመነበት ቦታ ራሱን ያራቀ ሠራተኛ በዚህ ምክንያት ሊጎዳ አይገባም ይላል። የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ይኼም እዚያው ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ላይ ተጽፏል። ከዚያ የአዋጁ አንቀጽ 32 አለ። አሠሪው አደጋ መኖሩ ተነግሮት በጊዜው ካላስተካከለ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል።

"ተነግሮት" የምትለዋን ቃል ያዢ። በአፍ የተነገረ ነገር ችሎት ፊት ሲደርስ "አልሰማሁም" ይሆናል። ሳይት ቡክ (የሳይቱ መዝገብ) ላይ ጻፊ። ቀን፣ ሰዓት፣ የት ጋ፣ ስንጥቁ ስንት ሜትር። "ፈራሁ" ብለሽ ግን አትጻፊ።

አንድ ወጥመድም ልንገርሽ። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ይህ ለሠራተኛው ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ጥሶ ከተጎዳ "ሆን ብሎ ነው" ተብሎ መከራከሪያ ይሆናል። ጠዋት ጠዋት ሳታነቡ የምትፈርሙባት ወረቀት አለች አይደል? እሷ ላይ "ያልተደገፈ ቁፋሮ ውስጥ መግባት ክልክል ነው" የሚል ካለና በፎርማኑ የቃል ትእዛዝ ከወረድሽ፣ ወረቀቷ የምትመሰክረው ለእሱ ነው።

ኮንትራክተር ነኝ፣ ስድብ ለምጃለሁ · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡50

ሁሉም ሕግ ያወራል። እስቲ እኔም ሒሳብ ላውራ።

መሬቱ 18 በ25 ነው እንበል። አራት ሜትር ተኩል ጥልቀት በአንድ ለአንድ ተዳፋት ብቆርጥ ከየጎኑ አራት ተኩል ሜትር ይሄዳል። ታች የሚቀረኝ 9 በ16 ነው። ሕንፃውን የት ላቁመው? ድጋፍ ላድርግ ካልኩ ዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ባለቤቱ ሲያወዳድር አንድ ሰው ብረትና ሲሚንቶ ብቻ ይሞላል፣ እኔ ድጋፍና ሴፍቲ ጨምሬ እሞላለሁ። ማን እንደሚያሸንፍ ንገሩኝ። ተሸንፌ ሴፍቲ ላስተምር?

ልጅቷን ውረጂ ማለቱ ልክ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ችግሩ የሚጀምረው ፎርማኑ ጋ አይደለም። ጨረታው ሲወጣ ነው።

ጋሽ አርማታ · ማክሰኞ፣ ማታ 5፡01

ወንድሜ፣ ጨረታው ላይ ያልከው እውነት ነው፣ አልከራከርህም። አፋፉ ላይ ያለውን ቁልል ለማንሳት ግን ጨረታ አያስፈልግም። የአንድ ቀን ሲኖ ነው። ስንጥቁን በላስቲክ ሸፍኖ ውሃው ወደ ሌላ እንዲፈስ ትንሽ ቦይ ማውጣትስ? ሁለት የቀን ሠራተኛና ሁለት አካፋ።

ሲልቨር ስፕሪንግ · ረቡዕ፣ ሌሊት 8፡20

ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ የውሃና የፍሳሽ መስመር እንዘረጋለን። ሰዓቱ ስለማይገጥም ዘግይቼ ነው የደረስኩት።

እዚህ ኦሻ የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት የቁፋሮ ደንብ አለው። 5 ጫማ፣ ማለትም አንድ ሜትር ተኩል ከደረሰ፣ ድንጋይ ካልሆነ በቀር ወይ ተዳፋት ወይ ድጋፍ ግዴታ ነው። የወጣው አፈር ቢያንስ 2 ጫማ፣ 60 ሴንቲ ገደማ፣ ከጠርዙ ይርቃል። 4 ጫማ በሆነ ቦይ ውስጥ መሰላል ከማንም ሠራተኛ ከ25 ጫማ መራቅ የለበትም። የተሰነጠቀ ሸክላ አፈር ደግሞ ምን ጠንካራ ቢመስል በአንደኛ ደረጃ አፈርነት አይመደብም።

እኔን የገረመኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። ለዚህ የተመደበ አንድ ሰው አለ። በየቀኑ ሥራ ሳይጀመር፣ ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላም ቁፋሮውን ያያል። "ውጡ" ካለ ሁሉም ይወጣል። ፎርማኑም፣ ባለቤቱም። ሥልጣኑ የእሱ ነው። አዲስ አበባ ስሠራ ዝናብ ከዘነበ በኋላ የምናየው ፓምፑን ነበር፤ ውሃው ወጣ ወይስ አልወጣ።

ገነት ነው እያልኩ አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ በጥሬ ገንዘብ የሚሠሩ ትናንሽ ቦታዎች ላይ እዚህም ያው ነው።

የሌቭል ንባብ · ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡30

እህቴ፣ እኔም ሰርቬየር ነኝ፣ አሁን ዶሃ። ሁሉም ስለ ሕግና ስለ አፈር ጽፏል። ስለ እጅሽ ሙያ ግን ማንም አልጻፈም።

ሳይት ላይ ሚሊሜትር የሚለካ መሣሪያ ያለሽ አንቺ ነሽ። ፎርማኑ "አይወድቅም" ይላል፣ አንቺ "ይወድቃል" ትያለሽ፤ ይኼ ጭቅጭቅ ነው። ዛሬ ጠዋት ሁለት ረጃጅም ሚስማር ያዢ። አንዱን ከስንጥቁ ወዲህ፣ አንዱን ከስንጥቁ ወዲያ ምቺ። አፋፉ ላይ ግን አትቁሚ። ደልዳላው መሬት ላይ ቆመሽ ረጅም ጣውላ አጋድመሽ ሥሪ። በሚስማሮቹ መሐል ያለውን ርቀት ለኪና ከነሰዓቱ ጻፊ። በሦስት በሦስት ሰዓት ደግሚው። ከቻልሽ ቶታል ስቴሽኑን (የቅየሳ መሣሪያሽን) ከጠርዙ ራቅ አድርገሽ፣ ቢያንስ የጥልቀቱን እጥፍ፣ አቁመሽ ግድግዳው ላይ አራት አምስት ነጥብ ፕሪዝም ሳይያዝ አንብቢ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ክርክሩ አለቀ።

መቼም ከጀመርኩ ልጨርስ። የእኛ ሥራ ጣጣው ዓይን ነው። ዓይንሽ መነጽሩ ላይ ሲሆን ከኋላሽ ምን እንደሚመጣ አታይም። ገልባጭ ወደ ኋላ ሲመጣ ሹፌሩም አያይሽም። እኔ መንገድ ሥራ ላይ ሳለሁ አንድ ገልባጭ ትራይፖዴን እግሩን ረግጦ ቆሟል። እኔ ስልክ ለማንሳት ሦስት እርምጃ ሄጄ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጀርባዬን የሚጠብቅ ሰው ሳይኖር ገልባጭ የሚመላለስበት ቦታ መሣሪያ አላቆምም።

ሌላው ስታፉ ነው፣ ከፍታ የምናነብበት ዘንግ። አምስት ሜትር አልሙኒየም። ሙሉውን ዘርግተሽ አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ቦታ 15 ኪሎ ቮልት መስመር ሥር ታልፊያለሽ? እንዲህ ያለ መስመር እስኪነካ አይጠብቅም፣ መቅረብ ይበቃዋል። የሽቦውን ከፍታ ለማወቅ ስታፍ ማንሳት አያስፈልግም፤ መሣሪያሽ ከሩቅ ያነብልሻል። ቼይንማንሽን መስመሩ ሥር ስታፉን አጥፎ እንዲሄድ አስለምጂው።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ እዚህ ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9፡30 ውጭ ሜዳ ላይ መሥራት ክልክል ነው። ሕጉ በፈረንጆቹ 2021 ሲጠብቅ ሙቀትና እርጥበቱን የሚያጣምረው መለኪያ ከ32.1 ዲግሪ ካለፈ በየትኛውም ሰዓት ይቆማል ተባለ። መጀመሪያ ሰሞን "ይኼማ ሰበብ ነው" ስል ነበር። ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ራሱን የሳተ ሰው ካየሁ በኋላ ዝም አልኩ።

ፖል ያዥ · ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡15

እኔ ቼይንማን ነኝ። ሁላችሁንም አነበብኳችሁ።

እህታችን እምቢ ብትል ጥሩ፣ ትተርፋለች። እኔን ግን ማን ይጠይቀኛል? ግድግዳው ሥር የምቆመው እኔ ነኝ። ሰርቬየሩ መሐል ላይ ነው፣ መሣሪያው ውድ ስለሆነ። "ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ኋላ" ይለኛል። ወደ ኋላ ማለት ወደ ግድግዳው ነው።

የምሠራው በቀን ነው። ወረቀት የለኝም። እምቢ ካልኩ ነገ በር ላይ ስሜ አይጠራም። ሄልሜት የምትሰጠኝ እንግዳ የመጣ ቀን ነው፣ ማታ ስቶር ትመለሳለች። በአቧራ ፈንታ ወተት ይሰጡን ነበር፣ እሱም ቀርቷል። ሕጉ ለእኔም ይሠራል ወይ?

የሰነድ ሰው · ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡00

ይሠራል፣ ወንድሜ። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ መስጠት ያለበት እሱ ነው፤ አለመስጠቱ የአንተን መብት አያጠፋም። ችግሩ ማስረጃ ነው። ክፍያ ስትቀበል የምትፈርምበትን ወረቀት በስልክህ ፎቶ አንሳ። አብረውህ የሠሩትን ሰዎች ስልክ ያዝ። ተጎድተህ ሥራ ላይ መዋል ካልቻልክ ሕጉ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ክፍያ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ እስከ ዓመት ድረስ ከግማሽ ያላነሰ ይልሃል። ይህን ለማግኘት ግን እዚያ መሥራትህን ማሳየት አለብህ። በር ላይ ስምህ ባይጠራ ግን ወረቀቱ ብቻውን አያስጠራውም። ያን ዋሽቼ አልነግርህም።

ወተቱ ደግሞ ሆድህ ነው የሚገባው። አቧራው ሳንባህ ነው። አይገናኙም። ወተት ይሻላል ከተባልክ ማስክ ጠይቅ።

ትራይፖድ ተሸካሚዋ · ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡10

ፖል ያዥ፣ ጽሑፍህን ታክሲ ውስጥ ነው ያነበብኩት። ጥያቄዬን ስጽፍ "እምቢ ብል" ብዬ ነው የጻፍኩት። የእኔን ቼይንማን አላሰብኩትም። ማክሰኞ "ወደ ኋላ በል" ብዬዋለሁ። ሁለት ጊዜ።

አሁን ሳይት ልገባ ነው። ማታ እጽፋለሁ።

ትራይፖድ ተሸካሚዋ · ሐሙስ፣ ማታ 3፡30

ትናንት ሳልጽፍ ቀረሁ፣ ይቅርታ። የሆነው እንዲህ ነው።

ጠዋት ሚስማሮቹን መታን። ርቀታቸው 214 ሚሊሜትር። ሳይት ቡክ ላይ የሰነድ ሰው እንዳለው ጻፍኩ፦ ምሥራቅ ጎን፣ ከጠርዙ አንድ ሜትር፣ ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ከዝናብ በኋላ የታየ፣ "ተዳፋት ወይም ድጋፍ ሳይደረግ የቅየሳ ቡድኑ አይወርድም"። "እኔ አልወርድም" ልጽፍ ነበር፣ ሰረዝኩት። ሳይት ኢንጂነሩ አነበበና "አሁን ይኼን ለምን ወረቀት ላይ ታደርጊዋለሽ?" አለኝ። በአፍ ስነግረው ስልክ ላይ የነበረው ሰው ወረቀት ሲያይ ስልኩን ዘጋ።

ስድስት ሰዓት ላይ 217። አሥር ሰዓት ላይ 223። ቁጥሮቹን ፎቶ አንስቼ ለተቆጣጣሪው መሐንዲስ ላክሁ። ሐሙስ ጠዋት መጣ። ሚስማሮቹን ራሱ ለካ፣ ሜትሩን ሁለት ጊዜ ዘረጋ። ምንም ሳይናገር ሳይት ቡኩን ተቀብሎ ሥራው እንዲቆም ጻፈ።

ሲኖ ሲመጣ ይጫናል የተባለው አፈር በግማሽ ቀን ተነሳ። ሲኖው ለካ ነበረ። ምሥራቁን በደረጃ ቆርጠው አወረዱት፣ አጥሩ እስከፈቀደ ድረስ። አጥሩ ጋ ላለው ድጋፍ ይሠራል ተብሏል፣ ገና ነው። መሰላልም መጥቷል።

ግድግዳው አልወደቀም። ፎርማኑ ዛሬ ከሰዓት ሻይ ስንጠጣ "ይኸው ቆሟል፣ ዝም ብለሽ አስፈራሽን" አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን እላለሁ።

ጋሽ አርማታ · ሐሙስ፣ ማታ 3፡52

ይበል። እሱ ሀያ ዓመት እንዲህ እያለሽ ቢኖር ይሻላል። ሚስማሮቹን ግን አትንቀዪ፤ ክረምቱ ገና ነው። ድጋፉ እስኪሠራም አጥሩ ጋ ማንም እንዳይጠጋ።

ኮንትራክተር ነኝ፣ ስድብ ለምጃለሁ · ሐሙስ፣ ማታ 4፡15

የሥራ ማቆሚያ ቀኑን ማን ከፈለ? ጠይቄ ነው እንጂ።

የሰነድ ሰው · ሐሙስ፣ ማታ 4፡20

ጥሩ ጥያቄ ነው። ለእሱ ሌላ ክር ክፈት፣ እመጣለሁ።

ፖል ያዥ · ዓርብ፣ ጠዋት 12፡50

እህቴ፣ የሚስማሩን ንባብ የሚይዘው ማነው?

ትራይፖድ ተሸካሚዋ · ዓርብ፣ ጠዋት 1፡05

ከትናንት ጀምሮ ቼይንማኔ ነው። ደብተር ሰጥቼዋለሁ። ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ይገባና ይለካል። ዛሬ 223 ነው፣ አልተንቀሳቀሰም። እሱ ግን ከ223 ጎን በእስክሪብቶ "ተኩል" ብሎ ጨምሮበታል።

ጫማው እስካሁን 42 ነው።

የሰነድ ሰው · ዓርብ፣ ጠዋት 1፡30

ከኪስሽ እንዳትገዢ። በጽሑፍ ጠይቂ፣ ቁጥሩን ጥቀሺ።